የሮማን የነሐስ ሳንቲም ማንበብ፦ ለጀማሪ ሰብሳቢ ዝርዝር መመሪያ

ስንክሳር ሲነበብ የሰማ ሰው ዲዮቅልጥያኖስን ያውቀዋል። ቆስጠንጢኖስን፣ እናቱን ንግሥት እሌኒን፣ ከሐዲውን ዮልያኖስንም ያውቃል። የእነዚህ ሰዎች መልክና ስም ያለባቸው የነሐስ ሳንቲሞች ዛሬም ገበያ ላይ በብዛት አሉ። ዕድሜያቸው ከ1,600 ዓመት በላይ ነው። ሆኖም በደንብ የሚነበብ አንድ ሳንቲም ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 40 ዶላር ይገኛል። ትንሽ የተጎዳው ከዚያም ያንሳል።

ርካሽ የሆኑት የማይረቡ ሆነው አይደለም። የሮማ መንግሥት ለዕለት ገበያና ለሠራዊቱ እጅግ አብዝቶ ስላተማቸው ነው። ብዙ ሰው ደግሞ ገንዘቡን በሸክላ ዕቃ እያደረገ መሬት ውስጥ ይቀብር ነበር። ጦርነት መጥቶ፣ ወይም ሞት ቀድሞት፣ ሳያወጣው የቀረው ብዙ ነው።

ለጀማሪ የምመክረው አንድ ነገር ነው። ታዋቂ ሳንቲም አታሳድዱ፤ ራሳችሁ ልታነቡት የምትችሉትን ፈልጉ። ማን እንዳሳተመው፣ በየትኛው ከተማ፣ በየትኞቹ ዓመታት፣ በማተሚያው ውስጥ በየትኛው የሥራ ክፍል እንደተሠራ በገዛ ዓይናችሁ ስታገኙት የሚሰማችሁ ደስታ ሌላ ነው። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ለዚያ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የላቲን ፊደላቱን በስማቸው እየጠራሁ እሄዳለሁ።

ለምን ከአራተኛው ክፍለ ዘመን እንጀምራለን?

የሮማ ነሐስ ረጅም ታሪክ አለው። አውግስጦስ ቄሣር ሥርዓት ካስያዘው በኋላ ዋና ዋናዎቹ ሦስት ነበሩ። ትልቁ ሴስተርቲየስ ነው፤ ከናስ ይሠራል፣ ወደ 25 ግራም ይመዝናል። ዱፖንዲየስ የእሱ ግማሽ ዋጋ አለው፤ እሱም ናስ ነው። አስ ደግሞ የዱፖንዲየስ ግማሽ ሲሆን ከመዳብ ይሠራል። በአብዛኞቹ ጀርባ ላይ ኤስ እና ሲ የሚባሉ ሁለት ትልልቅ ፊደላት ታያላችሁ። "በሴኔቱ ውሳኔ" ማለት ነው። ከኔሮን ዘመን ጀምሮ ደግሞ ንጉሡ በጨረር አክሊል ከተቀረጸ ሳንቲሙ አብዛኛውን ጊዜ ዱፖንዲየስ ነው።

እነዚህ በጣም ያምራሉ። ነገር ግን ጥሩ ሴስተርቲየስ ውድ ነው። ውድ በመሆኑም አስመሳዮች ይበዙበታል። የደበዘዘውን ፊትና ፀጉር በመሣሪያ እንደገና ቀርጸው የሚሸጡም አሉ። ለጀማሪ አይሆንም።

ሦስተኛው ክፍለ ዘመን የውድቀት ዘመን ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ካራካላ በ215 ያወጣው ባለ ጨረር አክሊል የብር ሳንቲም ብሩ እየተቀነሰበት ሄደ። በ260ዎቹ መጨረሻ ላይ ላዩን ብቻ ብር የተቀባ መዳብ ሆኖ አረፈ። ንጉሠ ነገሥቱ ኦሬሊያን በ274 ሊያስተካክለው ሞከረ። ከዚያ ዲዮቅልጥያኖስ በ294 አካባቢ ሁሉንም ለወጠና 10 ግራም ገደማ የሚመዝን አዲስ ትልቅ ነሐስ አወጣ። ሰብሳቢዎች ፎሊስ ይሉታል።

ከዚህ ማሻሻያ በኋላ ያለው ዘመን ለጀማሪ የተመቸ ነው። በየግዛቱ ያሉ ማተሚያዎች ተመሳሳይ ምስል ያትማሉ። እያንዳንዱ ማተሚያ ግን ሳንቲሙ ግርጌ ላይ የከተማውን ምልክት ያኖራል። ምስሉ ዘመኑን ይነግራችኋል፤ ግርጌው ቦታውን።

ዕቃ ማዘጋጀት

አሥር እጥፍ የሚያጎላ ትንሽ ማጉያ መነጽር ያስፈልጋችኋል። የወርቅ ሠሪ ዓይነቱ ይሆናል። እስከ 0.01 ግራም የሚለካ የኪስ ሚዛን፣ በሚሊሜትር የሚለካ ካሊፐር፣ አንገቱ የሚታጠፍ የጠረጴዛ መብራት ጨምሩ። ሁሉም ተደምሮ ብዙ አይደለም። ስልካችሁ ካሜራ ይሆናችኋል።

ከመግዛታችሁ በፊት፦ ሕጉ

ይህን ክፍል ዘላችሁ አትለፉ። ጥንታዊ ሳንቲም ቅርስ ነው፤ የየአገሩ ሕግም ይለያያል።

እስራኤል ያላችሁ፣ የ1978ቱ የቅርስ ሕግ ይመለከታችኋል። ሳንቲም መግዛት የሚፈቀደው ፈቃድ ካለው ነጋዴ ነው። ከአገር ለማውጣት ደግሞ የቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሜዳ ላይ ያገኛችሁትን ሳንቲም ኪስ መክተት አይቻልም። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ በ1996ቱ ሕግ መሠረት ከ300 ዓመት በላይ የቆዩ 10 ወይም ከዚያ በላይ የነሐስ ሳንቲሞች በአንድ ላይ ከተገኙ ማሳወቅ ግዴታ ነው። አሜሪካ ያላችሁ፣ ጣልያንን፣ ግሪክን፣ ቡልጋርያንና ቆጵሮስን ከመሳሰሉ አገሮች የተወሰኑ ዓይነት ጥንታዊ ሳንቲሞች ያለ ሰነድ እንዳይገቡ የሚከለክሉ ስምምነቶች አሉ። ከባሕር ማዶ ከማዘዛችሁ በፊት ሻጩ ሳንቲሙ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ወረቀት እንዳለው ጠይቁ።

ስለ አክሱም ሳንቲሞች አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንዶቹ የአክሱም ነሐሶች በመጠን ከትንንሾቹ የሮማ ነሐሶች ጋር ይቀራረባሉ፤ ጽሑፋቸውም በግሪክ ፊደል ነው። በቅይጥ ክምር ውስጥ ተደባልቀው ሊገኙ ይችላሉ። ከኢትዮጵያ ምድር የወጣ ሳንቲም ግን በአዋጅ ቁጥር 209/1992 (ይህ ዓመት ብቻ በእኛ አቆጣጠር ነው) ጥበቃ የሚደረግለት ቅርስ ነው። የት እንደተገኘ የማይታወቅ የአክሱም ሳንቲም ሲቀርብላችሁ አትግዙ። አገራችን ገና ያልተቆፈረ ብዙ ነገር አላት። አንድ ሳንቲም ከአፈሩ ተነጥሎ ሲወጣ የቦታው ታሪክ አብሮ ይጠፋል።

በዚሁ ምክንያት ጭቃቸው ሳይነሳ በኪሎ የሚሸጡ "ያልጸዱ ሳንቲሞችን" አልመክርም። አብዛኞቹ ማን እንደቆፈራቸው፣ ከየት እንደመጡ አይታወቅም። ለመማርም ቢሆን የጸዱና የሚነበቡ አምስት ሳንቲሞች ከመቶ ጭቃ ይሻላሉ።

የት ይገዛል? የትክክለኛነት ዋስትና በጽሑፍ ከሚሰጥ፣ አስመሳይ ሆኖ ከተገኘ ከዓመታት በኋላም ቢሆን ገንዘብ ከሚመልስ ነጋዴ። ቪኮይንስ እና ኤምኤ-ሾፕስ የሚባሉት ድረ ገጾች እንዲህ ዓይነት ነጋዴዎች የሚሸጡባቸው ናቸው።

መጀመሪያ መለካት፣ ከዚያ ማየት

ሳንቲሙ እጃችሁ ሲገባ ስሙን ለማንበብ አትቸኩሉ። ለኩት። መዝኑት። ጻፉት።

ሰብሳቢዎች የአራተኛውን ክፍለ ዘመን ነሐስ በስፋቱ አራት ቦታ ይከፍሉታል። ከ25 ሚሊሜትር በላይ የሆነው አንደኛ ነው። ከ21 እስከ 25 ሁለተኛ፣ ከ17 እስከ 21 ሦስተኛ፣ ከ17 በታች አራተኛ። ሮማውያን ራሳቸው እንዲህ አልጠሩትም፤ ለእኛ ግን ያቀልልናል። የምታገኟቸው አብዛኞቹ ሦስተኛና አራተኛ ናቸው። የጥፍር ያህል ቢሆኑ አይግረማችሁ።

ከዚያ መብራቱን ዝቅ አድርጉ። ከላይ የሚወርድ ብርሃን ጽሑፉን ያጠፋዋል። መብራቱ ከጎን፣ ከጠረጴዛው ጋር ሊተካከል ትንሽ ሲቀረው፣ ጥላ ይፈጠራል፤ "ባዶ" ያላችሁት ቦታ ላይ ፊደል ይነሳል። ሳንቲሙን ቀስ እያላችሁ አሽከርክሩት። አንዱ ፊደል በአንድ አቅጣጫ፣ ሌላው በሌላ አቅጣጫ ይወጣል። ያያችሁትን ወዲያው ወረቀት ላይ አስፍሩ፤ ላልታየው ነጥብ አድርጉ። በሙሉ ቃል ለመገመት አትሩጡ። ሦስት እርግጠኛ ፊደል ከአሥር ግምት ይበልጣል።

የዘውዱን ወገን ማንበብ

በፊት ለፊት ያለው ምስል ራስ ላይ ምን እንዳለ እዩ። የቅጠል አክሊል ከሆነ የቆየ ልማድ ነው። የጨረር አክሊል ከሆነ ሦስተኛውን ክፍለ ዘመን ወይም የአራተኛውን መጀመሪያ ጠርጥሩ። በዕንቁ ወይም በጽጌረዳ ቅርጽ ያጌጠ፣ ኋላ ላይ ተቋጥሮ ጫፉ የተንጠለጠለ ማሰሪያ ካያችሁ ከ324 ወዲህ ነው። ይህን ልማድ ያስጀመረው ቆስጠንጢኖስ ነው። ራሱ በጨርቅ የተሸፈነ ንጉሥ ከሆነ ደግሞ ከሞተ በኋላ የታተመ መታሰቢያ ነው። ቆስጠንጢኖስ በ337 ካረፈ በኋላ ልጆቹ እንዲህ ያለ ሳንቲም አሳትመውለታል።

ጽሑፉ ብዙ ጊዜ ከግራ ታች ይነሳና በራሱ ላይ ዞሮ በቀኝ ይወርዳል። ቃል ከቃል አይለይም። ቪ የምትመስለው ፊደል ዩ ሆና ትነበባለች፤ ይህን አስታውሱ፣ አለዚያ ምንም አይገባችሁም። የማዕረጉ አህጽሮት ጥቂት ነው። ዲ-ኤን "ጌታችን" ነው፤ በአራተኛው ክፍለ ዘመን እየተለመደ የመጣ ነው። ፒ-ኤፍ "ደጉና ባለ ዕድሉ"። ኤ-ዩ-ጂ አውግስጦስ፣ ማለትም ዋናው ንጉሠ ነገሥት። ኤን-ኦ-ቢ-ሲ ደግሞ "ክቡር ቄሣር"፣ ማለትም አልጋ ወራሹ። አንድ ንጉሥ ልዑል ሳለም ሳንቲም ስለሚታተምለት ይህች ማዕረግ ዘመኑን ታጠብባለች።

አሁን ወደ ዋናው ራስ ምታት። የቆስጠንጢኖስ ቤተሰብ ስም ይመሳሰላል። ኮንስታንቲኑስ አባትየውም ነው፣ በስሙ የተጠራው ልጁም ነው። ልጁ ቄሣር ሳለ ከስሙ ቀጥሎ "ታናሹ" የምትል አይ-ዩ-ኤን ይጨመርለታል። ኮንስታንቲዩስ ሌላ ሰው ነው፤ ሌላውን ልጅ ቆንስታንቲዮስን ማለት ነው። ኮንስታንስ የመጨረሻው ልጅ ነው። በደበዘዘ ሳንቲም ላይ ልዩነቱ የሚታየው "ቲ" ከምትባለዋ ድምፅ በኋላ ነው። ከሁለተኛዋ ቲ በኋላ አይ-ኤን-ዩ-ኤስ ካለ ቆስጠንጢኖስ፣ አይ-ዩ-ኤስ ካለ ቆንስታንቲዮስ። አንዲት ኤን ሰውየውን ትለውጣለች።

ንግሥት እሌኒን የምትፈልጉ ደግሞ ኤፍ-ኤል ሄለና አውጉስታ የሚለውን ፈልጉ። በሕይወት ሳለች ከታተሙት ነሐሶች አብዛኞቹ ጀርባ ላይ ቅርንጫፍ ወደ ታች ይዛ የቆመች ሴት አለች፤ ጽሑፉ ሴኩሪታስ ይላል። በመስቀል በዓል ዕለት ታሪኳን የምንሰማትን ሴት፣ ፀጉሯ ተሠርቶ፣ ሐብሏ አንገቷ ላይ፣ በራሷ ዘመን ሰዎች እጅ ተቀርጻ ማየት ትልቅ ነገር ነው። ዋጋዋ ከተራዎቹ ይበልጣል፤ ለእኔ ግን ዋጋ የሚከፈልላት ሳንቲም ናት።

ጀርባው ዘመኑን ይነግራል

ፊቱ ቢጠፋ እንኳ ጀርባው ብዙ ጊዜ ይበቃል። ዋና ዋናዎቹን ምስሎች ካወቃችሁ በአሥር ሰከንድ ዘመኑን ትይዛላችሁ። በብዛት የሚገኙትን በቅደም ተከተል ልጥቀስ።

ራቁቱን የቆመ፣ በአንድ እጁ የመሥዋዕት ሳሕን፣ በሌላው የፍሬ ቀንድ የያዘ ወጣት ካያችሁ የዲዮቅልጥያኖስና የባልንጀሮቹ ፎሊስ ነው። ጽሑፉ ጄኒዮ ፖፑሊ ሮማኒ ይላል። ሳንቲሙም ትልቅ ነው።

ጨረር የደፋ፣ ቀኝ እጁን ያነሳ፣ በግራው ሉል የያዘ ሰው ከሆነ የፀሐይ አምላክ ነው። ጽሑፉ ሶሊ ኢንቪክቶ ኮሚቲ፣ "ለማይሸነፈው ፀሐይ፣ ለባልንጀራው"። ቆስጠንጢኖስ ይህን ምስል ከ312ቱ የሚልቪያን ድልድይ ድል በኋላም ለዓመታት አሳትሟል። ቤተ ክርስቲያን የምታከብረው ንጉሥ ሳንቲም ላይ ወደ ክርስትና የተደረገው ለውጥ ቀስ በቀስ የመጣ ነው። ይህን ከመጽሐፍ ከማንበብ ይልቅ በእጅ ይዞ ማየት የበለጠ ያስተምራል።

በድንጋይ የተገነባ፣ ሁለት ማማ ያለው፣ ከላዩ ኮከብ ያለበት በር ካገኛችሁ ፕሮቪደንቲያ የሚባለው ነው። በብዛት የታተመው ከ324 እስከ 330 ነው። ድንጋዮቹን መደዳ በመደዳ መቁጠር ይቻላል፤ አንዳንድ ሰብሳቢ ይህን ብቻ ይሰበስባል።

ሁለት ወታደሮች ፊት ለፊት ቆመው ጦር ይዘው፣ መካከላቸው ሰንደቅ ካለ ግሎሪያ ኤክሰርኪቱስ ነው፤ "የሠራዊቱ ክብር"። ሰንደቆቹን ቁጠሩ። ሁለት ከሆኑ ከ330 እስከ 335 ነው። አንድ ከሆነ ከ335 እስከ 341። ሚዛኑም ይመሰክራል፤ ባለ ሁለቱ 2.4 ግራም ገደማ ሲሆን ባለ አንዱ 1.6 አካባቢ ነው። መንግሥት ነሐሱን ሲቀንስ ምስሉንም አጠበበው።

በዚያው ጊዜ የንጉሥ ስም የሌለባቸው ሁለት ሳንቲሞች ወጡ። አንዱ ፊቱ ላይ የራስ ቁር የደፋች ሮማ፣ ጀርባው ላይ መንትዮቹን የምታጠባ ተኩላ አለበት። ሌላው ቁስጥንጥንያን በሴት አምሳል ያሳያል፤ ጀርባው በመርከብ አፍንጫ ላይ የቆመች ባለ ክንፍ የድል አምላክ ነው። አዲሲቱ ከተማ በግንቦት 330 ስትመረቅ ነው የተጀመሩት። የማይወዳቸው ሰብሳቢ አላጋጠመኝም።

በ340ዎቹ ሁለት ባለ ክንፍ ሴቶች አክሊል ይዘው ሲፋጠጡ፣ ወይም በአክሊል ውስጥ የተጻፈ የስእለት ቁጥር (ለንጉሡ የንግሥና ዓመታት የተደረገ ስእለት) ታያላችሁ። የመጀመሪያው የምዕራብ፣ ሁለተኛው የምሥራቅ ማተሚያዎች ነው።

ከ348 ጀምሮ ደግሞ ፌል ቴምፕ ሬፓራቲዮ መጣ፤ "የደጉ ዘመን መመለስ"። ሮም 1,100 ዓመት የሞላት ዓመት ነበር። በጣም የበዛው ምስል ወታደር ከፈረስ የወደቀን ጠላት በጦር ሲወጋ ነው። አሁን ማጉያውን አንሱና የወደቀውን ሰው እዩት። አንዳንዱ የፈረሱን አንገት አቅፏል። አንዳንዱ ወደ ኋላ ዞሮ እጁን ዘርግቶ ይለምናል። አንዳንዱ መሬት ላይ ተቀምጧል። አለባበሱና ጺሙም ይለያያል። ለመለየት እነዚህ ሁሉ ይጠቅማሉ፤ ስለዚህ በማስታወሻችሁ ላይ "ፈረሰኛ" ብቻ ብላችሁ አትለፉ። ትንንሽና ፊደላቸው የተወላገደ የዚህ ሳንቲም ቅጂዎችም በብዛት ይገኛሉ። እነዚህ የዛሬ አስመሳይ ሳይሆኑ በዚያው ዘመን በጎል (በዛሬዋ ፈረንሳይ አካባቢ) እና በብሪታንያ ሕዝብ ሳንቲም ሲያጥረው የሠራቸው ናቸው።

የማግኔንቲየስን ትልቅ ነሐስ ካገኛችሁ ያዙት። ከ350 እስከ 353 በምዕራብ የነገሠ አመፀኛ ነበር። በመጨረሻው ዓመቱ ካሳተማቸው አንዱ ጀርባው ሙሉ የክርስቶስ ስም የመጀመሪያ ሁለት የግሪክ ፊደላት ተቆላልፈው የተቀረጹበት ነው፤ ግራና ቀኙ አልፋና ዖሜጋ አለ።

ዮልያኖስ ጺም አለው። ከቆስጠንጢኖስ ቤት ነገሥታት መካከል በዚህ ወዲያው ትለዩታላችሁ። ትልቁ ነሐሱ ጀርባ ላይ ከላዩ ሁለት ኮከብ ያለበት በሬ ቆሟል።

ከ364 በኋላ በቫለንቲኒያንና በቫለንስ ዘመን ሁለት ምስል ይበዛል፦ አክሊል ይዛ የምትራመድ የድል አምላክ፣ እና ምርኮኛን በፀጉሩ የሚጎትት ንጉሥ። ከቴዎዶስዮስ ወዲህ ሳንቲሙ 13 ሚሊሜትር ድረስ ያንሳል፤ ለዓይንም ይከብዳል።

ግርጌው፦ ከተማና ክፍል

ከጀርባው ምስል እግር ሥር አንድ መስመር አለ። ከመስመሩ በታች ያሉት ፊደላት የማተሚያው ምልክት ናቸው። ብዙ ጊዜ ሦስት ነገር ይይዛሉ። ኤስ-ኤም ካለ "ንጉሣዊ ማተሚያ" ማለት ነው። ቀጥሎ የከተማው ምልክት ይመጣል። የቀረው የሥራ ክፍሉ ቁጥር ነው።

ከተሞቹ ለእኛ እንግዳ አይደሉም። ኤ-ኤን አንጾኪያ ናት። ኤ-ኤል እስክንድርያ። ኤን ኒቆምዲያ፣ ኬ ኪዚቆስ፣ ኤች ሄራቅልያ። ቲ-ኤስ ተሰሎንቄ። አር ሮም። ኤ-ኪው በሰሜን ጣልያን ያለችው አኲሊያ። ኤስ-አይ-ኤስ ሲስኪያ፣ የዛሬዋ ክሮኤሽያ ውስጥ። ቲ-አር የዛሬዋ የጀርመን ከተማ ትሪየር። ኤል-ጂ የፈረንሳይዋ ሊዮን። ኤል-ኦ-ኤን ለንደን፤ የእሷ ማተሚያ በ325 ስለተዘጋ ከዚያ ወዲህ አትፈልጓት።

አንድ ወጥመድ አለ። ሲ-ኦ-ኤን-ኤስ ቁስጥንጥንያ ነው። ሲ-ኦ-ኤን-ኤስ-ቲ ግን ከ328 አካባቢ ጀምሮ በደቡብ ፈረንሳይ ያለችው አርል ልትሆን ትችላለች፤ ከተማዋ ለጊዜው በንጉሡ ቤተሰብ ስም ተጠርታ ነበር። የክፍሉ ፊደል የት እንዳለ እዩ። ከፊት ፒ ወይም ኤስ ካለ አርል ነው። ከኋላ የግሪክ ፊደል ካለ ቁስጥንጥንያ ነው።

ክፍሎቹን በምዕራብ በላቲን ይቆጥራሉ፦ ፒ አንደኛ፣ ኤስ ሁለተኛ፣ ቲ ሦስተኛ፣ ኪው አራተኛ። በምሥራቅ ግን የግሪክ ፊደል ነው ቁጥሩ። እዚህ ላይ የግዕዝ ቁጥር የሚያውቅ ሰው ከማንም ይቀድማል፤ ቁጥሮቻችን የመጡት ከእነዚሁ የግሪክ ፊደላት ነውና። ከ፩ እስከ ፲ ያለውን በዓይነ ልቦናችሁ አስቀምጡ፣ ከላይና ከታች ያሉትን ሰረዞች አንሱ፣ ሳንቲሙ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። ፫ እና ጋማ፣ ፬ እና ዴልታ፣ ፱ እና ቴታ ዝምድናቸው ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ሁሉንም በአንድ ሳንቲም ላይ

ጠረጴዛዬ ላይ ያለችውን አንዷን አብረን እንያት። ስፋቷ 17 ሚሊሜትር፣ ክብደቷ 2.3 ግራም። መልኳ ጥቁር አረንጓዴ ነው። ፊቷ ላይ ጺም የሌለው፣ አንገቱ ቀጭን የሆነ ወጣት አለ። መብራቱን ከግራ ሳደርገው ኤፍ-ኤል አይ-ዩ-ኤል ይነበባል፤ ፍላቪየስ ዩሊየስ ማለት ነው። መሃሉ ደብዝዟል። መብራቱን ወደ ቀኝ ሳዞረው የስሙ መጨረሻ አይ-ዩ-ኤስ ሆኖ ወጣ፤ ኤን የለችም። ከዚያ ኤን-ኦ-ቢ-ሲ። እንግዲህ ቆንስታንቲዮስ ነው፤ ገና ቄሣር ሳለ።

ጀርባዋ ሁለት ወታደር፣ ሁለት ሰንደቅ። ከ330 እስከ 335። ክብደቷም ይስማማል። ግርጌዋ ኤስ-ኤም-ኤ-ኤል፣ መጨረሻው ቤታ። የእስክንድርያ ማተሚያ፣ ሁለተኛ ክፍል።

ይህ ልጅ በ317 የተወለደ ነው፤ ሳንቲሟ ስትታተም ገና አፍላ ወጣት ነበር። ኋላ ነግሦ በ356 አካባቢ ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ የጻፈው እሱ ነው። ፍሬምናጦስን፣ አባ ሰላማን፣ ወደ እስክንድርያ መልሱልኝ፣ እምነቱ ይመርመር ብሎ ነበር። አባ ሰላማን የሾመው አትናቴዎስ ነው፤ የደብዳቤውን ቃል ጠብቆ ያቆየልንም እሱ ነው። በእነዚያው ዘመናት ኢዛና በራሱ ሳንቲሞች ላይ ጨረቃውን በመስቀል ተካ። ይህን ሁሉ በጥፍር ስፋት ነሐስ ላይ ማሰብ ይቻላል።

አሁን ግኝታችሁን አረጋግጡ። የአሜሪካ የሳንቲም ጥናት ማኅበር ኦክሬ የሚባል ነፃ የመረጃ ቋት አለው። ንጉሡን፣ ማተሚያውንና የጀርባውን ጽሑፍ ስታስገቡ ዓይነቱን ከነቁጥሩ ያወጣላችኋል። ቁጥሩ የሚመጣው አር-አይ-ሲ ከሚባለው ባለ አሥር ቅጽ መዝገብ ነው። እዚህ ለምናነበው ዘመን የሚያገለግሉት ከስድስተኛው እስከ ዘጠነኛው ያሉት ቅጾች ናቸው። የስልክ ፎቶ አንስቶ "ይህ ምንድን ነው?" ብሎ ከመጠየቅ በፊት ይህን መንገድ ራሳችሁ ሄዳችሁ ጨርሱት።

አስመሳዩን መጠርጠር

እውነተኛው ሳንቲም በመዶሻ የተመታ ነው። የተዘጋጀውን ክብ ብረት በሁለት ማኅተም መካከል አኑረው ይመቱታል። ስለዚህ መስመሮቹ ስለታም ናቸው፤ ዳሩ ሊሰነጠቅ፣ ምስሉ ወደ አንድ ጎን ሊሸሽ ይችላል። ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ አስመሳይ ግን ዝርዝሩ የሟሟ ሳሙና ይመስላል። በማጉያ ሲታይ ትንንሽ የአየር ጉድጓዶች አሉት። ዳሩ ላይ ዙሪያውን የሚሄድ መጋጠሚያ መስመር ካለ፣ ወይም ያ መስመር በሞረድ የተሞረደ ከመሰለ፣ ተዉት። ሁለት ሳንቲሞች ጭረታቸው ሳይቀር አንድ ዓይነት ከሆነ ሁለቱም አይታመኑም።

ማጽዳት፣ ወይም አለማጽዳት

የመዳብ ዕቃ በሎሚ ማጥራት የለመደ ሰው እጁን ይሰብስብ። ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ የብረት ማጽጃ ፈሳሽ፣ ሁሉም ክልክል ናቸው። አረንጓዴው ወይም ቡናማው ሽፋን ቆሻሻ አይደለም። ዝርዝሩ ያለው በዚያ ሽፋን ላይ ነው፤ ሲነሳ ፊቱ አብሮ ይነሳል። የወይራ ዘይት ውስጥ መዘፍዘፍ የቆየ ልማድ ነው። ዘይቱ ራሱ አሲድ ስላለው እኔ አልጠቀምበትም።

አፈር ካለበት በተጣራ ውኃ ዘፍዝፉት። ለባትሪ ከሚሸጠው ውስጥ አሲድ የሌለውን፣ ንጹሑን ውኃ ነው የምላችሁ። ውኃውን በየጥቂት ቀኑ ቀይሩ። ከለሰለሰ በኋላ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽና የጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ይበቃል። ሳምንታት ይፈጃል። ሽፋኑ ሲገለጥ አቁሙ።

የሚያስፈራው የነሐስ በሽታ የሚባለው ነው። ፈዛዛ አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ ይወጣል፤ በእንጨት ሲነኩት ይረግፋል፣ ሥሩ ጉድጓድ ይቀራል። ብረቱ ውስጥ የገባ የክሎሪን ጨው ከእርጥበትና ከአየር ጋር ሲገናኝ የሚመጣ ነው። ደንዳናና አንጸባራቂ የሆነው ጥቁር አረንጓዴ ግን ጤነኛ ነው። በሽታው ያለበትን ለይታችሁ ዱቄቱን አንሱ፤ ውኃውን እየለዋወጣችሁ በተጣራ ውኃ ለረጅም ጊዜ ዘፍዝፉ። ከዚያ በደንብ አድርቁ።

ለማስቀመጫ ለስላሳውንና ሽታ ያለውን የፒቪሲ ፕላስቲክ አትጠቀሙ። ከጊዜ በኋላ አሲድ ያወጣል። ፒቪሲ የሌለበት መሆኑ የተጻፈበትን ኪስ ወይም አሲድ የሌለው ወረቀት ግዙ። የኦክ እንጨት መሳቢያም አሲድ ይተነፍሳል። እርጥበቱ ከ40 በመቶ በታች ቢሆን ይመረጣል። ዱባይ፣ ጅዳ ወይም ቴል አቪቭ የምትኖሩ፣ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ሣጥኑ ውስጥ ሲሊካ ጄል ጨምሩና በየጊዜው ቀይሩት።

ለእያንዳንዱ ሳንቲም ትንሽ ካርድ ሥሩ። የንጉሡን ስም፣ ማተሚያውን፣ ክፍሉን፣ ዓመታቱን፣ ስፋቱንና ክብደቱን፣ የመዝገብ ቁጥሩን፣ ከማን በስንት ዋጋ መቼ እንደገዛችሁት ጻፉ። የሻጩን ደረሰኝ ከካርዱ ጋር አያይዙ። የሁለቱንም ወገን ፎቶ ተመሳሳይ ብርሃን አድርጋችሁ አንሱ። በየሦስት ወሩ ሣጥኑን ስትከፍቱ ከፎቶው ጋር አስተያዩት፤ አዲስ ፈዛዛ ነጥብ ካያችሁ ሳይዛመት ያን ሳንቲም ለብቻው አውጡት።